የበረኛው ቀኝ ትከሻ

ሎታር ክሬመር የወጣትነቱን ምርጥ ዓመታት ያሳለፈው ቁጭ ብሎ ነው። እንዲህ ሲባል ሰነፍ ይመስል ይሆናል፤ አልነበረም። ሎታር በረኛ ነበር፤ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት በሩር አካባቢ፣ ስም ያለው ክለብ በረኛ። ችግሩ ክለቡ ሌላም በረኛ ነበረው። ያ ሰው ደግሞ አይታመም፣ አይሰበር፣ ጉንፋን እንኳ በደጁ አያልፍም። ሎታር ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሱ እኩል ጭቃ ላይ ሲንከባለል ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ሲደርስ ካፖርቱን ደርቦ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ክለቡ ሲያሸንፍ ያጨበጭባል፤ ሲሸነፍ አንገቱን ይደፋል። በሁለቱም ውስጥ እጁ የለበትም። እንዲህ እንዳለ ሃያ ሰባት ዓመቱን ደፈነ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1967 ሲገባ፣ አሜሪካኖች አዲስ የእግር ኳስ ሊግ ሊያቋቁሙ ነው ተባለና ከካሊፎርኒያ አንድ ተጫዋች መልማይ መጣ። ሰውየው የፈለገው ዋናውን በረኛ ነበር። ዋናው በረኛ ሳቀበት። ሎታር ግን የልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ጠብቆ ያዘው።

«እኔ እመጣለሁ» አለው።

አሠልጣኙ ይህን ሲሰማ፣ «አብደሃል? አሜሪካኖች እኮ ኳስ የሚጫወቱት በእጃቸው ነው» አለው።

«እንግዲያው የኔ ሥራ ቶሎ ይገባቸዋል» አለ ሎታር፤ ሻንጣውን ሸክፎ ሄደ።

የደረሰው ኦክላንድ ነው። ስታዲየሙ አዲስና የትየለሌ ሰፊ ነበር፤ ተመልካቹ ግን አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ለለቅሶ የመጣ ጎረቤት ይመስላል። በድምፅ ማጉያ የሚናገረው ሰው የማዕዘን ምት ምን እንደሆነ፣ ኳስ በእጅ መንካት ለማን እንደተፈቀደ በየጨዋታው ያስረዳል። ሎታር በቅርብ ርቀት የተመታች ኳስ በጣቱ ጫፍ ሲያወጣ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ኳሷን አንስቶ ወደ ሰማይ በረጅሙ ሲለጋት ግን ቆመው ያጨበጭባሉ። አልተቀየማቸውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያው ላይ ቁጥር አንድ ተሰፍቶለት ነበር፤ ተመልካቹ በሞላው ቢተኛም ግድ አልነበረውም። አፕታውን በሚባለው ሠፈር ትንሽ ክፍል ተከራይቶ፣ ጠዋት ጠዋት ከማንም ቀድሞ ሜዳ ይገኛል። በዚያ ዓመት ካንድም ጨዋታ አልቀረም። ሰውነቱ ለዓመታት ሲቆጥብ የኖረውን ጉልበት ሁሉ ያኔ አወጣው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ከማዕዘን የተሻማች ኳስ አየር ላይ ቀለበ። ሲወርድ የገዛ ተከላካዩ ከሥሩ ገባና እግሩን ጠለፈው፤ በቀኝ ትከሻው የጎሉ ቋሚ ላይ ወደቀ። ኳሷን አልለቀቃትም። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሲደርስ አሁንም ደረቱ ላይ እንዳቀፋት ነበር። ሊያነሱት የመጡት ጓደኞቹ ቀኝ እጁ የሌላ ሰው ይመስል ከጎኑ ሲንጠለጠል አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «መኪና ትነዳለህ፣ ፀጉርህን ታበጥራለህ፣ ልጅ ብትወልድ ታቅፋለህ» አለው። «በረኝነቱን ግን እርሳው። ይህ ትከሻ ሁለተኛ ከወለቀ እጅህን እንደ እጅ አታዝበትም።»

ትከሻው ገና ከፋሻ ሳይወጣ ቡድኑ ፈረሰ። ተመልካች የለም፣ ሊጉም ፈራርሷል ተባለ። ጓደኞቹ ወደየመጡበት ተበተኑ። ለሱም ወደ አገሩ መመለሻ ትኬት ተቆርጦለት ነበር። ሎታር ትኬቱን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ብዙ አሰበ። ቢመለስ የሚጠብቀው ምንድነው? «ያ ወንበር አሟቂው፣ አሜሪካ ሄዶ እጁን ተሰብሮ መጣ» የሚል ወሬ። ወሬው እንኳ አይደለም ያስጨነቀው። አንድ ዓመት ተኩል ብቻ በረኛ ሆኖ ነበር፤ አልጠገበውም። ትኬቱን መለሰና ከኦክላንድ አጠገብ አላሜዳ ውስጥ ጀልባ የሚጠግን ጋራዥ ሥራ ገባ፤ በልጅነቱ የብረት ሥራ ተምሮ ነበርና በግራ እጁም ቢሆን ለመበየድ አላነሰም።

ሆስፒታሉ ትከሻውን እንድታፍታታለት የመደበለት ፊዚዮቴራፒስት ትርፌ ወልደ ማርያም ትባላለች። መንግሥት ለትምህርት ልኳት ዲግሪዋን ጨርሳ እዚያው ሥራ የጀመረች አዲስ አበቤ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እጇ ግን ብረት።

«ሚስተር ክሬመር» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ «እኔ የምሠራውን በአገሬ የሚሠራው ሰው ወጌሻ ይባላል። ወጌሻ ሲያሽ በሽተኛው ይጮሃል፣ ሰፈር ይሰማል፣ ማንም አይገረምም። እዚህ ግን ጩኸት አይወዱም። ሲያምዎት ጥርስዎን ነክሰው በቀስታ ይንገሩኝ።»

«እኔ አልጮህም።»

«እናያለን።»

ጮኸ። ከሌላው ክፍል አንዲት ነርስ አንገቷን ብቅ አድርጋ ተመለሰች።

ትርፌ እጇን ሳታነሣ፣ «ሐኪሙ የሚጠብቀው ፀጉርዎን ማበጠር እንዲችሉ ነው» አለች።

«ፀጉሬ እየተመለጠ ነው፤ ለሱ ስል እንዲህ አልሠቃይም። እኔ የምፈልገው እጄ አግዳሚውን እንዲነካ ነው። የጎሉን አግዳሚ።»

ትርፌ አግዳሚ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ታውቃለች፤ ወንድሟ ኳስ ተጫዋች ነው። ትከሻውን በሁለት እጇ ስትዳስስ ቆየችና፣ «አልዋሽዎትም» አለች። «ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም፤ አይሆንምም አልል። የማየውን ብቻ እነግርዎታለሁ። ተስፋ የቆረጥኩ ቀን ራሴ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያ ከሌላ ሰው አይስሙ።»

ሎታር ከሐኪሙ ይልቅ ይቺን አመነ።

ሥራው አሰልቺ ነበር። ግድግዳ ፊት ይቆምና የቀኝ እጁን ጣቶች እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እያስኬደ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ሕመሙ ይይዘዋል፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። በመጀመሪያ እስከ ደረቱ፣ ቀጥሎ እስከ አገጩ፣ ከዚያ እስከ ግንባሩ ደረሰ። ከግንባሩ በላይ ግን እምቢ አለ። ክረምቱ አለፈ፣ ጸደይ ገባ፣ እጁ እዚያው ግንባሩ ላይ። ጋራዡ ውስጥ ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ እሱ ከጀልባዎቹ ጀርባ ግድግዳ ፈልጎ ጣቶቹን ያስኬዳል።

አንድ ቀን ትርፌ ምንጣፉን መሬት ላይ ዘርግታ፣ «እስቲ በረኛ እንዴት እንደሚወድቅ ያሳዩኝ» አለችው።

ሎታር ምንጣፉ ፊት ቆመ። ጉልበቱን አጠፍ አደረገ። ተመልሶ ቀጥ አለ። ደግሞ አጠፍ አደረገ። ከዚያ፣ «ዛሬ አይሆንም» አለ።

«ትከሻዎ አልፈቀደም?»

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ምንም ሳይሠራ።

ትርፌ ምንጣፉን ጠቀለለችው። «የማየውን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ትከሻዎ ከዳነ ሰንብቷል። እጅዎ የማይወጣው ገና እንደተሰበረ ሆነው ስለሚጠብቁት ነው። ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፤ ቢወድቅና ቢወልቅ ከዚያ በኋላ ሊጠግነው እንደማይችል ነግሮኛል። ያንንም አልደብቅዎትም። ግን ሳይወድቁ በረኛ መሆን የለም። እሑድ ምን ይሠራሉ?»

እሑድ ኦክላንድ ውስጥ አንድ መናፈሻ ይዛው ሄደች። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከበርክሌይም፣ ከሳን ሆዜም እየተሰባሰቡ ያቋቋሙት ቡድን ነበር፤ ግማሹ መሐንዲስ፣ ግማሹ የሕግና የእርሻ ተማሪ፤ ከሜክሲኮዎችና ከፖርቹጋሎች ሠፈር ቡድኖች ጋር በየሳምንቱ ይጫወታሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋሉ። አምበሉ የትርፌ ታናሽ ወንድም ሀዲስ ነው። በረኛቸው እምሩ የሚባል የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሲሆን፣ መነጽሩን ካወለቀ ኳሷን አያያት፣ ካላወለቀ እንዳይሰበርበት ኳሷን ይሸሻታል።

ሀዲስ ሎታርን ከእግር እስከ ራሱ አየውና እኅቱን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። «እትዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ኦሬዲ ላስት ነን። አንድ እጁ ዴድ የሆነ ሰውዬ አምጥተሽ…»

«ያ አንድ እጁ ካንተ ሁለት እግር ይሻላል። አስገባው።»

ሎታር ቋንቋውን አይስማ እንጂ የተባለው ገብቶታል። እምሩ ግን ደስታውን መደበቅ አቅቶት ማሊያውን አውልቆ እንዳይሆን እንዳይሆን አድርጎ አለበሰው፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ።

የዚያን ቀን ሎታር ጎል ውስጥ ቆመ እንጂ አልጠበቀም። ኳስ በግራው ስትመጣ በግራ እጁ ይገፋታል፤ በቀኙ ስትመጣ አንገቱን አዙሮ ይሸኛታል። ፖርቹጋሎቹ ነገሩ ሲገባቸው ሁሉንም ወደ ቀኙ ይልኩ ጀመር። አምስት ጎል ገባ። በእያንዳንዱ ጎል ተማሪዎቹ እየመጡ ጀርባውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ» ይሉታል። ትርጉሙን ባያውቅም አነጋገሩ ለታመመ ሰው የሚባል መሆኑን ለይቷል፤ ይኼ ከጎሎቹ ይልቅ አንገበገበው።

ሀዲስ ግን አይዞህ አላለም። ስድስተኛው ሊገባ ሲል ራሱ ከመስመር ላይ አውጥቶ ዞር አለና በእንግሊዝኛ፣ «ሚስተር ክሬመር፣ ተመልካች ብቻ ቢበቃን ኖሮ እምሩን እናቆመው ነበር!» ብሎ ጮኸበት።

«ሄይ!» አለ እምሩ ከዳር።

የሎታር ፊት በርበሬ መሰለ። ቀጣይዋ ኳስ ከሳጥኑ ጫፍ መሬት ለመሬት ወደ ቀኙ ስትመጣ ሳያስብ ተወረወረ። በቀኝ ትከሻው ወደቀ። አቧራው ተነሣ። ሎታር ዓይኑን ጨፍኖ ያንን የሚያውቀውን ሕመም ጠበቀ።

ትርፌ ሳትሮጥ፣ በራሷ እርምጃ መጥታ ተንበረከከች። «ሎታር» አለችው፤ ሚስተር ማለቱን ዛሬ ተወችው። «የት ያምሃል?»

«ሁሉ ቦታ።»

«ትከሻህስ?»

ቀስ አድርጎ አነቃነቀው። ከግንባሩ አልፎ፣ ከራሱ በላይ ወጣ። ያማል፤ ግን በቦታው ነው። መሬት ላይ እንደተኛ ሳቅ ያዘው።

«ኳሷስ?» አለ።

«ኳሷማ ገብታለች» አለ እምሩ።

ከዚያ ወዲያ ሎታር እሑድን የመሰለ ቀን አልነበረውም። እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከራሱ በላይ ይወጣል እንጂ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፤ ወደ ቀኝ በከፍታ ለምትመጣ ኳስ አንድ ስንዝር ያንሰዋል። ትርፌ ይህንንም አልደበቀችውም። «ይቺ ስንዝር አትመለስም። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ በሌላው ግን አልቆረጥኩም» አለችው።

ሎታር እሺ ብሎ የቀረችውን ስንዝር ከሌላ ቦታ ይፈልግ ጀመር። ወደ ቀኙ ላይኛው ጥግ ለምትሄድ ኳስ ግራ እጁን በራሱ አናት ላይ አሻግሮ መላክ ተማረ። ለዚህ ሲባል ሰውነቱ ቀድሞ መዞር፣ እግሩ ቀድሞ መነሣት ነበረበት። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የቴኒስ ኳስ እየወረወረ፣ ስትመለስ በተቃራኒው እጁ መያዝ። የአጥቂውን እግር ሳይሆን ዳሌውን ማየት። መስመሩ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ጎሉን ማጥበብ። ወጣት ሳለ በፍጥነቱ ተማምኖ ያላየውን ነገር ሁሉ አሁን አየው። ጀርመን ሳለ ያ የማይታመመው በረኛ ብዙም ሳይዘል ኳስ ለምን ደረቱ ላይ እየመጣች እንደምታርፍ የገባው ያኔ ነው።

አንድ ክረምት ዳሊ ሲቲ ውስጥ ሲጫወቱ ጭጋጉ ሜዳውን ዋጠው። ሎታር ከራሱ ተከላካዮች አልፎ የሚያየው ነገር የለም። ዳኛው ጨዋታውን እንዳያቋርጥ ሁለቱም ቡድኖች ለመኑት፤ አንዱ ለመምራቱ፣ ሌላው ለቁጭቱ። ሎታር ጆሮውን አቀና። ኳስ ስትመታ ያለው ድምፅ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ፣ ከዚያ የሀዲስ ጩኸት ከጭጋጉ ውስጥ፦ «ራይት! ራይት! በቀኝህ ነው!» ተወረወረ፤ ኳሷም ከነጩ ነገር ውስጥ ወጥታ እጁ ላይ አረፈች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ተማሪዎቹ አይዞህ ማለቱን ተዉ። ሲሳሳት ይጮሁበታል፣ ይሰድቡታል፣ እሱም በጀርመንኛ ይመልስላቸዋል።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ። ከተማሪዎቹ አንዳንዱ ዶክትሬቱን ጨርሶ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፣ አዲስ መጣ። እምሩም ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ አገባና ሚስቱ ውብዳር ጎል ውስጥ እንዳይገባ አስማለችው። ሎታር ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆነው ቡድኑ አንደኛ ሆኖ ያውቃል፣ ጠጉሩም ጨርሶ ሄዷል።

በ1974 ሳን ሆዜ ውስጥ አዲስ ፕሮፌሽናል ቡድን እንደሚቋቋም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሎታር የጋራዡን ኃላፊ አስፈቅዶ በማግሥቱ ሄደ።

አሠልጣኙ ሃሪ ዶውሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ዕድሜውን ጠየቀው፤ ነገረው። ትከሻውን ጠየቀው፤ እሱንም ነገረው።

ዶውሰን አገጩን አከከ። «ልጆቹን የሚያሠለጥን ሰው ብትሆንልኝ አልጠላም። ለመጫወት ግን…»

«መጀመሪያ ምታ» አለ ሎታር። «ከዚያ የፈለግከውን በለኝ።»

ዶውሰን ራሱ መታ፣ ከዚያ አጥቂዎቹን አሰልፎ አስመታ። ብልጥ ሰው ስለነበር ቶሎ ደረሰበት፤ ሁሉንም ወደ ቀኙ፣ ወደ ላይ። ሎታር ግራ እጁን እያሻገረ አወጣ። አንዳንዱ ገባ። የሚበዛው አልገባም። አጥቂዎቹ ላብ ሲያጠምቃቸው ዶውሰን ፊሽካውን ነፋ።

«እንዲህ የሚያደርግ በረኛ አይቼ አላውቅም» አለ። «አስቀያሚ ነው። ግን ይሠራል። ሁለተኛ በረኛዬ አደርግሃለሁ። የመጀመሪያው ራንዲ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አሜሪካዊ ነው፣ ሕዝቡ ይወደዋል።»

ሁለተኛ በረኛ። ሎታር ወደ ኦክላንድ ሲመለስ መንገዱን በሙሉ ያ ካፖርት ትከሻው ላይ ያለ ያህል ከበደው። በቀጥታ ወደ ትርፌ ሄደ። አሁን የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። ነገሩን ሁሉ ነገራትና፣ «እምቢ ልል ነው» አለ። «ከዚያ ወንበር ሸሽቼ ነው ዓለምን ያቋረጥኩት።»

ትርፌ የምታጥፈውን ፎጣ አላቋረጠችም። «ትከሻህን ልታሳየኝ ከሆነ የመጣኸው ሸሚዝህን አውልቅ» አለች። «ኩራትህን ከሆነ እሱን እኔ አላክምም።»

«ትርፌ…»

«ስማ። ጀርመን ሳለህ የተቀመጥከው ሌላ ምርጫ ስላልነበረህ ነው። አሁን ብትቀመጥ ስድስት ዓመት ለፍተህ የደረስክበት ቦታ ነው። ካልፈለግክ ተወው፤ እሑድ እሑድ እኛ አለን። ግን ተናደህ አትተወው።»

ሎታር በማግሥቱ ፈረመ። ሲቀመጥም እንደ ድሮው አልተቀመጠም። ካፖርት አልደረበም። በየጨዋታው እንደሚገባ ሰው ሰውነቱን አሟሙቆ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ የተቃራኒ አጥቂዎች እግራቸውን ሲያነሡ ዳሌያቸው ወዴት እንደሚዞር እያየ ነበር። ያየውን በእረፍት ሰዓት ለራንዲ ይነግረዋል። ልጁ በመጀመሪያ ተኮሳተረበት፣ በኋላ ግን ራሱ መጥቶ ይጠይቀው ጀመር።

ሳን ሆዜ ኦክላንድ አልነበረም። ስታዲየሙ ትንሽ ነው፣ ሕዝቡ ግን እስከ አጥሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ኳስ ሲያዝ የሚያጨበጭብ፣ ዳኛ የሚሳደብ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሕዝብ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ፣ ሳን ሆዜ አንድ ለባዶ እየመራ ሳለ፣ ብቻውን ያመለጠ አጥቂን ራንዲ ጎትቶ ጣለው። ቀይ ካርድ፤ ፍጹም ቅጣት ምት። ዶውሰን አንድ አጥቂ አስወጣና ወደ ሎታር ዞረ።

የዚያን ዕለት ሀዲስ መኪናው ሙሉ ሰው ይዞ ከኦክላንድ መጥቶ ነበር። ያን ሰሞን ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ዛሬ እነ እገሌ ታሠሩ፣ ነገ ካቢኔው ወረደ፤ መኪና ውስጥ ሲከራከሩ መጥተው መቀመጫቸው ላይ ሆነውም አላባሩም ነበር። ሎታር ሲነሣ ግን ክርክሩ ቆመ።

ቅጣት ምቱን የመታው ሰው ወደ ግራ መታ፤ ሎታር ወደ ቀኝ ወደቀ። ገባ። አንድ እኩል። ሎታር ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሐል ወረወራትና እጁን አጨበጨበ። «አሁን ጀመርን!» አለ ለተከላካዮቹ።

አሥር ሰው ሆነው ተከበቡ። ኳሷ ከሳጥናቸው መውጣት እምቢ አለች። አንዷን ወጥቶ በደረቱ ያዛት፣ አንዷን በጉልበቱ መለሳት። አንዱ ከሩቅ ወደ ቀኙ ላይኛው ጥግ ለጋ፤ የሎታር ግራ እጅ ራሱን ተሻግሮ ኳሷን በአግዳሚው ላይ አሳለፋት። ሕዝቡ ተነሥቶ ጮኸ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ በተከላካይ እግር ተነክታ አቅጣጫዋን የቀየረች ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ቀኙ መጣች። ለግራ እጅ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ቀኝ እጁን ላከው፤ ያገኘውን ያህል ተዘረጋ፤ በዚያው ትከሻው ወደቀ። ኳሷ ጣቶቹ ላይ ቆመች። ጎትቶ አቀፋት።

አንድ እኩል አለቀ። በዚያ ዓመት ደንቡ እኩል መለያየትን አይፈቅድም ነበርና በፍጹም ቅጣት ምት ተለዩ። ሎታር ሁለት አዳነ። ጓደኞቹ ሦስት ሳቱ። ተሸነፉ።

ሕዝቡ ግን አልወጣም። ሎታር ጓንቱን እያወለቀ ሲሄድ ከአጥሩ ሥር እስከ ላይኛው መቀመጫ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብለታል። የሀዲስ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ ምን እንደሚል ግን አይለይም። ዶውሰን በሩ ላይ ጠብቆ፣ «ራንዲ ታግዷል፤ ቅዳሜ አንተ ነህ» አለው፤ ጥቂት ሄድ ብሎም ተመለሰና፣ «ባይታገድም አንተ ነህ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ትርፌ ትከሻውን ስታየው አብጦ ነበር። በጣቷ ስትጫን ሎታር ወደ ጣራው አየ።

«በአግባቡ ከሆነ ሦስት ሳምንት ማረፍ አለብህ» አለች።

«ቅዳሜ ጨዋታ አለ።»

«ሰምቻለሁ። አትጫወት አላልኩህም። በጣም እንደሚያምህ እየነገርኩህ ነው።»

«ይመመኝ።»

በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችው።

ሎታር የዚያን ዓመት ውድድር እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ የሚቀጥለውንም ጀመረው። በ1975 አጋማሽ ላይ በልምምድ ወቅት ከሩቅ የተመታች ኳስ ዘግይቶ አየ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። ትከሻው አልነበረም፤ ዓይኑ ነው። ማንም ሳይነግረው ወደ ዶውሰን ሄዶ፣ «ከዚህ ቅዳሜ በኋላ ራንዲን አስገባ፤ ደርሷል» አለ። የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫውቶ፣ ሁለት ለአንድ አሸንፎ፣ በእግሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በረኞቹን እንዲያሠለጥን ቀጠረው፤ አላሜዳ ያለውን ጋራዥም በሳምንት ሁለት ቀን አልተወውም።

ሀዲስ ያኔ ወደ አገር ቤት ተመልሷል፤ ኦክላንድ ያለውን የእሑድ ቡድን አዲስ ልጆች ይዘውታል። ሎታር ከሊጉ በወጣ በሳምንቱ እዚያ መናፈሻ ሲደርስ ልጆቹ የበረኛውን ማሊያ አክብረው ይዘው ጠበቁት። ተቀብሎ አየውና ለሌላ ልጅ ወረወረው።

«ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው» አለ፣ «ጎል አግብቼ አላውቅም። ዛሬ አጥቂ ነኝ።»

ሮጦ ደረሰ፣ መታ፣ ሳተ። ደግሞ ደረሰ፣ መታ፣ ኳሷ መንገድ ላይ ከቆሙት መኪኖች መሐል ገባች። ትርፌ ከዳር ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሎታር ግን አልሳቀም፤ እጁን ከፍ አድርጎ ኳስ እንዲሰጡት ይጮህ ነበር።